ቮልሱን በጎኑ ያስተኛንበት እሑድ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጃችን ያለበት ስድስት ሰዎች ነን። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ነቀምቴ ጨለለቂ ውስጥ የእህል ወፍጮ ያለኝ፣ ንባብንም ሞተርንም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ዲጋ ታስተምራለች። ሦስተኛው እጮኛዋ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣና ነቀምቴ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚሠራ ልጅ። አራተኛዋ የቮልሱ ባለቤት፣ ዲጋ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አምስተኛዋ ከእሳቸው ጋር አጥር የምትጋራ ጎረቤታቸው ናት። ስድስተኛው የዲጋው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀን አዲስ ግራጫ ሱሪ ለብሰው ነበር። ሱሪውን ያነሣሁት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ሰባተኛ ሰውም አሉ፤ የባልቴቷ ባል። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ይሁን እንጂ የዕለቱን ትልቁን ሥራ የሠሩት እሳቸው ናቸው።

ልጄ ከነቀምቴ ዲጋ በየቀኑ ትመላለሳለች። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ረጅሙ መጠበቁ ነው። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሣም፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ ሰው ይጨምራል። ክረምት ሲገባ ደህናውን ጫማዋን በፌስታል ይዛ ትሄድና ክፍሉ በር ላይ ትቀይራለች። ከእጮኛዋ ጋር ገንዘብ ማጠራቀም ሲጀምሩ ለሠርግ መስሎኝ ነበር። ለካ ለመኪና ነው።

«ሠርጉስ?» አልኳት።

«ሠርግ አንድ ቀን ነው አባባ። ዲጋ ግን በየቀኑ ነው።»

አነጋገሯን የወሰደችው ከእኔ ነው።

ያዩት መኪና አሮጌ ቮልስ ነው። ሟቹ ባል በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ሲሠሩ የገዙት፣ በሽተኛ ወደ ነቀምቴ ሲያመላልሱበት የኖሩት፣ የወተት ቀለም ያለው፣ ከፊትም ከኋላም እንደ ኤሊ የተደፋ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ በባልቴቷ አጥር ውስጥ ታየዋለች። ባልቴቷ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ብር ብለዋል። እነሱ ሁለት መቶ አርባ ሺህ አላቸው። ጊዜ ቢኖር ይጠራቀም ነበር፤ ግን አንድ የአዲስ አበባ ደላላ ፎቶውን በስልክ አይቶ «ሰኞ መጥቼ ለመለዋወጫ እወስደዋለሁ» ብሏል። ለመለዋወጫ ማለት በሩ ለአንዱ፣ መሪው ለሌላው፣ የቀረው በኪሎ ለብረት ገዢ ማለት ነው።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሁለቱ ፊቴ ተቀመጡ። ልጄ እጇን ታጥባ እንጀራውን ሳትነካ ቆየች። ምን እንደምትጠይቀኝ አውቄያለሁ። እኔም ቀደም ብዬ አስቤበታለሁ።

«መኪና እንደ ሰው ነው» አልኩ። «ፊቱ ይቀባል፤ ወንበሩ ይሰፋል። ሥሩን ግን ባለቤቱም አያየው። ነገ ሄጄ ሥሩን አየዋለሁ። ካቻቢቴዬ ወለሉን ከበሳው አንድ ሳንቲም አልሰጥም፤ እናንተም አትገዙም።»

«ካልበሳውስ?»

«ካልበሳው የጎደለውን መቶ ሺህ እኔ እሞላለሁ።»

ልጄ ወደ እጮኛዋ ዞር ብላ «ሰማህ አይደል? ምስክር ነህ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ «አባባ፣ እሱን ግን በካቻቢቴ እንዳትወጋው።»

ልጁ እንጀራው ትን አለው። እኔ አልሳቅኩም። እውነቱን ለመናገር ግን እሱንም ሥር ሥሩን እያየሁት ነበር።

እሑድ ሥራ አልወድም። ልጆቼን ያሳደግኩት እሑድ ችካል እንኳ እንዳይመታ እየነገርኩ ነው። ደላላው ግን ሰኞ ነው የሚመጣው። ከአምልኮ በኋላ ካቻቢቴ፣ መዶሻና ክሪክ በከረጢት ይዤ ሦስታችን ዲጋ ወረድን።

ባልቴቷ ነጭ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ጠበቁን። «አካም ጂርቱ? ግቡ፣ ግቡ፤ መጀመሪያ ቁጭ በሉ» አሉ። እኔ ከተቀመጥኩ ምግብ ይመጣል፤ ምግብ ከበላሁ ደግሞ የሰው እንጀራ በልቶ መኪናውን ማማት ነውር ይሆናል። ስለዚህ «አዴ፣ ይቅርታ፤ መጀመሪያ ሥሩን ልይ» ብዬ ኮቴን አውልቄ ለልጄ ሰጠኋትና ማዳበሪያ አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ።

«እንግዳ ቤት ሲገባ አልጋ ሥር ያጎነብሳል እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቮልስ ከመሬት ብዙ አይርቅም። እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ ሆድ አውጥቻለሁ። በክሪክ አንድ ወገኑን ከፍ አድርገን፣ ድንጋይ ደግፈን፣ እንደምንም ደረቴ ድረስ ገባሁ። ያየሁት ሁሉ ቀይ ነው። በካቻቢቴው ጫር ሳደርገው ቀይ ዱቄት ዓይኔ ውስጥ ወረደ። መዶሻ ሳሳርፍበት እንደ ብረት አልጮኸም፤ ዱብ አለ፣ እንደ ጭቃ ግድግዳ። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ወጣሁ።

«ዝጓል» አልኩ። «ሙሉ በሙሉ ዝጓል። መበሳት እንኳ አያስፈልገውም።»

ልጄ ኮቴን ይዛ ወደ አጥሩ ዞረች። ስትበሳጭ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ባልቴቷ ደግሞ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ «እንግዲህ ደላላው ይጋጠው» ብለው ወደ ቤት ሊገቡ ተነሡ።

እጮኛዋ ከሥሩ የረገፈውን ቁራጭ አንሥቶ ያገላብጥ ነበር። ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ ቁራጩን ምራቁን ቀብቶ መሐረቡ ላይ ፈተገው።

«ጋሼ፣ ይሄ ዝገት አይደለም» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ስለ ዝገት ምን ታውቃለህ?»

«ስለ ዝገት አላውቅም። ስለ ሸሚዝ ግን አውቃለሁ። ነቀምቴ ከመጣሁ ጀምሮ ይሄን ቀይ ሳጥብ ነው የኖርኩት። አፈር ነው ጋሼ። የዲጋ መንገድ አፈር ነው።»

መሐረቡን ሰጠኝ። በጣቴ አሸሁት። ለሰለሰ፤ ዘይት ዘይትም ሸተተ። ዝገት ይሻክራል እንጂ አይለሰልስም። እኔ በዚህ ቀይ አፈር ላይ ተወልጄ፣ በእሱ ቤት ለስኜ፣ በእሱ ላይ ልጅ አሳድጌ፣ ዝገት ስፈልግ አፈሩን ዝገት አልኩት። ባዳው ልጅ ለየው። ሰው የሚፈራውን ሲፈልግ የሚያውቀውን ይረሳል።

«አዴ፣ ባለቤትዎ ሥሩን ምን ይቀቡት ነበር?» አልኩ።

ተመለሱ። «የተቃጠለ ዘይት ነዋ! ክረምት ሊገባ ሲል በአሮጌ መጥረጊያ ሥሩን ይቀባና በደረቁ መንገድ ወደ ዲዴሳ በኩል ይነዳዋል። አቧራው ይለጠፍበታል። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ በላዩ። ‹ኮት አለበስኩት› ይል ነበር።»

ይህ በእኛ አገር የቆየ ዘዴ ነው፤ ብዙ ሹፌር ያደርገዋል። ሰውየው ግን በየዓመቱ ኮት ላይ ኮት ደርበው ደርበው፣ ብረቱን ከዓይን ሁሉ ሰውረውታል። ታዲያ ከኮቱ ሥር ጤነኛ ገላ ይኑር የበሰበሰ፣ ማን ያውቃል? ሁሉንም ፍቆ ማየት ነው። ነቀምቴ ጋራዥ ቢሆን መኪናው የሚቆምበት ጉድጓድ አለ፤ ሰው ቆሞ ሥሩን ያያል። ቮልሱ ግን ድሬሰሩ ከሞቱ ወዲህ አልተነሣም፤ ቀኑም እሑድ ነው።

እንዲህ ስንባባል ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር እየተመለሱ አጥሩ ላይ ቆሙ። ነገሩ ተነገራቸው። ቮልሱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«በሬ ለማረድ እንዴት እናደርጋለን?» አሉ። «እናስተኛዋለን! ይሄም ይተኛ።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ትክክል ነበሩ። ቮልስ ቀላል ነው። ደቦ ወጥቶ ጎጆ ከነክዳኑ የሚያነሣ አገር ቮልስ አያቅተውም።

አለቃው እኔ ሆንኩ። ቤንዚኑን በቱቦ ወደ ጄሪካን አስወጣሁ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ አውጥቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ። ባትሪው የተቀመጠበትን ጣውላ ግን አላነሣሁም። ጎረቤቷ፣ ድምፅ ሰምታ የመጣች ጠንካራ ሴት፣ የጭድ ፍራሿን ከቤቷ ተሸክማ አመጣች። ባልቴቷ «ያንቺን ፍራሽ ማን ጠየቀሽ?» አሉ ወደ ሌላ እያዩ። «ለመኪናው ነው አዴ፣ ለእርስዎ አይደለም» አለች። ሁለቱ እንደማይስማሙ ያን ጊዜ ገባኝ።

«በየት ጎኑ?» አሉ ወንዶቹ።

«በቀኝ፤ ወደ ማንጎው ጥላ» አልኩ። ለሥራ የሚመች ጥላ ማሰብ ደህና ነገር ነው። የሞተር ዘይት የሚሞላበት አፍ በየት በኩል እንደሆነ ማሰብ ግን ከሁሉ ይቀድም ነበር።

«ሱታ! ሱታ! ቀስ!» እያሉ አነሡት። ቮልሱ ተንቃቃ፣ ተንሳፈፈ፣ እንደ ደከመ በሬ ቀስ ብሎ ፍራሹ ላይ ተጋደመ። እልል ተባለ። ከዚያ ከኋላው ጉልክ ጉልክ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ዘይት እየተንፎለፎለ ወረደ። ከታች ይዘው የነበሩት ሽማግሌውና ሁለት ወንዶች ነበሩ። ቢለቁት ይገለበጣል፤ ስለዚህ አልለቀቁም። ዘይቱ በሦስቱም ሱሪ ላይ እስኪበቃው ፈሰሰ፤ ከዚያ ፍራሹ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌው ቁልቁል ግራጫ ሱሪያቸውን አዩ።

«አንተ ሰው» አሉኝ፣ «ቤንዚኑን ያስወጣኸው እንዳይቃጠል ነው?»

«አዎ አባቴ።»

«ሱሪዬንስ ለምን አላስወጣኸውም?»

ያን ጊዜ እኔም ሳቅኩ። ልጄ አጥሩ ጋ ሆና ሳቄን ሰምታ ተመለሰች፤ ስስቅ ብዙ አይታ አታውቅምና። ሽማግሌው ጭራሽ ሱሪውን ሰብስበው፣ «እንግዲህ ጠፍቷል፤ እንፋቀው!» ብለው ተንበረከኩ።

መፋቂያ የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ የአረም መኮትኮቻ፣ ሌላው የበር ማጠፊያ ቁራጭ፣ ሴቶቹ የድስት መፋቂያ ይዘው መጡ። ቅርፊቱ እንደ ደረቀ እበት በገበታ በገበታ ይነሣ ጀመር፤ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት አለው። ከሥሩ የወጣውን ሳይ እጄን ከሥራ አቆምኩ። ጥቁር የፋብሪካ ቀለሙ እንዳለ ነው። የሚያብለጨልጭ አልልም፤ ግን ዛሬም ላሜራውን ይዞታል። በመዶሻ መታሁት፤ አሁን ጮኸ። ካቻቢቴውን አስጠግቼ መታሁ፤ ነጥሮ ተመለሰ። ከፊት እስከ መካከል ሄድኩ። ጎማዎቹ ዙሪያ ደቀቅ ያለ እውነተኛ ዝገት አለ፤ እሱ በብሩሽ የሚለቅ ነው። ልጄ በኋላዬ እየተከተለች ምቱን ትቆጥራለች። በመታሁ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ ይሰማኛል።

ከታች፣ ፍራሹ አጠገብ፣ የኋላው ወለል ላይ ጎረቤቷ ነበረች። ተንበርክካ በመኮትኮቻ ስትፍቅ ድንገት መፋቁን ተወች። በጣቷ አበሰች፤ በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። ከጥቁሩ ውስጥ ቀይ ወጣ። አፈር ነው ብዬ ነበር። አይደለም፤ አበባ ነው። ቅጠል ያለው፣ በነጭ ላይ የተሳለ ጽጌረዳ።

«አዴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይምጡ እስቲ።»

ባልቴቷ መጡ፣ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ትሪዬ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልቴቷ ለሠርጋቸው የተሰጣቸው ባለ አበባ ትልቅ ትሪ ነበራቸው። ጎረቤቷ ለድግስ ተውሳው መለሰች። ብዙም ሳይቆይ ትሪው ጠፋ። ባልቴቷ «አንቺ ነሽ» ብለው አያውቁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ለዓመታት አላዋሷትም፣ አልተዋሷትም፣ እሷ ስትገባ ሳህኖቻቸውን በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር። ትሪው ግን ይኸውና። ባትሪው አሲድ አንጠባጥቦ ወለሉን በልቶታል፤ ድሬሰሩ በአቅራቢያው ላሜራ ሲያጡ የሚስታቸውን ትሪ በብሎን አሥረው፣ ዙሪያውን በሬንጅ ደፍነው፣ በላዩ ዘይት ቀብተው ዝም ብለዋል።

«ይሄ ሰውዬ!» አሉ ባልቴቷ። «ማታ ማታ እኮ ይጸልይ ነበር! ‹ጌታ ሆይ፣ ሚስቴንና ጎረቤታችንን አስታርቅ› እያለ! ትሪውን ወንበሩ ሥር አድርጎ!»

ጎረቤቷ መኮትኮቻዋን ወረወረች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለመለየት ከባድ ነበር። «ስሜ ከመኪና ሥር ወጣ!» ትላለች። «እናንተ ሰዎች፣ ሁላችሁ እዩ፣ ስሜ ከመኪና ሥር ወጣ!»

ባልቴቷ ጎንበስ ብለው አንገቷን አቅፈው ሳሟት። «ሌባው ቤቴ ነበር፤ እኔው ነበርኩ ያገባሁት» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ዓይናቸውን በዘይት እጃቸው ጠርገው ግንባራቸውን አጠቆሩ።

ስለ ሞተ ሰው ክፉ አልጽፍም። በሽተኛ ሲያመላልሱበት የኖሩት መኪና እንዳይቆም ነው የደፈኑት። ነገር ግን አንድ ቃል ቢናገሩ ሁለት ሴቶች ዓመታቸውን በፊት ማዞር አያሳልፉም ነበር። በጎ ሥራ የሠራ እጅም ቢሆን የሠራውን ይናገር።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ልጄ ፊቴ ቆማለች።

«ቀዳዳ ነው» አልኩ። ደስ አላለኝም፤ ግን ሌላ ስም የለውም። «ትሪ ቢደፍነውም ከላዩ ላይ ቀዳዳ አለ።»

«ምንድን ነው ያልከው ትናንት?» አሉ ሽማግሌው። «ቃልህን ንገረን።»

እጮኛዋ ተናገረልኝ፤ ቃል በቃል። «‹ካቻቢቴዬ ወለሉን ከበሳው አንድ ሳንቲም አልሰጥም፤ እናንተም አትገዙም። ካልበሳው የጎደለውን መቶ ሺህ እኔ እሞላለሁ።›» ከዚያ ጨመረ፣ «ጋሼ ግን ያሉት ለእኛ ደኅንነት ነው። ቀዳዳ ካሉ ቀዳዳ ነው። እኛ እንተወዋለን።»

ልጄ አፈጠጠችበት። እኔም ተመለከትኩት። መኪናውን የሚፈልገው ለእሷ ነው፤ ግን በማታለል አልፈለገውም። ከቅዳሜ ጀምሮ ሥር ሥሩን ሳየው የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ሥሩ ታየኝ። የእሱን ምርመራ ጨረስኩ።

«ይወጋ!» አሉ ሽማግሌው። «ቃል የተሰጠው በካቻቢቴ ነው። ይወጋ፤ ያኔ እናያለን።»

ካቻቢቴውን ከአበባው መካከል አቆምኩት። በመዶሻ ሳልቆጥብ መታሁ፤ አሳንሼ ብመታ ራሴን እንደምንቅ አውቃለሁ። ብዙ ነገር መትቼ አውቃለሁ፤ የመታሁት ነገር እንዲያሸንፈኝ እየተመኘሁ ግን መትቼ አላውቅም። ትሪው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ። ደግሜ መታሁ። የአበባው ቅብ ተፈነጠረ፤ ካቻቢቴው ጫፉ ታጠፈ፤ ትሪው ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም።

«በሳው?» ብለው ከኋላ ጠየቁ ያላዩት። ባልቴቷ ናቸው የመለሱት፤ «የሠርጌ ትሪ ነው! አይበሳም!»

ልጄ ዘይት በነካ እጇ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። ደህናው ሸሚዜ የዚያን ቀን ሄደ፤ እሱን ከሒሳቡ አላስገባሁትም።

ቃሌን ጠበቅኩ፤ አንድ ነገር ግን ጨመርኩ። ትሪው ወጥቶ ደህና ላሜራ ሳይበየድ መኪናው መንገድ አይወጣም አልኩ፤ ብየዳውንም እከፍላለሁ። ሰኞ ደላላው ሲደውል ባልቴቷ «ለመምህሯ ሸጥኩት» ብለው ስልኩን ዘጉ። በሳምንቱ ትሪው ከነብሎን ቀዳዳዎቹና ከነጉድጓዱ ወጣ። ባልቴቷ ለጎረቤቷ ሰጧት፤ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች፤ ለሚገባ ሁሉ ታሪኩን ታወራለች። እኔ ደግሞ ለባልቴቷ አዲስ ትሪ ገዛሁ። ልጄ አሁን ጫማዋን በፌስታል አትይዝም። አምስት ዓመት በሚኒባስ የተመላለሰችበትን መንገድ በራሷ መሪ ትሄደዋለች፤ ሥሩንም ክረምት ሲገባ እጮኛዋ ነው ዘይት የሚቀባው። በየዓመቱ ግን አስቀድሞ ፍቆ ነው። ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው።

ሁላችንንም ያስወጣን ይህ ነው። ቮልሱ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ብር፤ ብየዳው ዘጠኝ ሺህ፤ ታጥበው ያልዳኑት ሦስት ሱሪዎች አራት ሺህ አምስት መቶ፤ ዘይት የጠጣው የጭድ ፍራሽ አንድ ሺህ ስድስት መቶ፤ አዲሱ ትሪ ስምንት መቶ ሃምሳ። ድምሩ ሦስት መቶ ሃምሳ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ብር።